ጉሙዝኛ ያልነበረበት ፈተና

በደርግ ዘመን 12 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያዊ አንድ ዓይነት ፈተና ተፈትኖ አልፏል። ማትሪክ አይደለም፤ የመንጃ ፈቃድም አይደለም። ገበሬው ከእርሻው፣ እናት ከምድጃዋ፣ የቀን ሠራተኛው ከግንባታው ተነሥተው ብዙዎቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ይዘው የተቀመጡበት የመሠረተ ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና ነው። ያለፈ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ማንበብና መጻፍ ይችላል ተብሎም ተመዘገበ። የወደቀ ወደ ማጠናከሪያ ዙር ተመለሰ። ለአዋቂ ሰው ተብሎ ከተዘጋጀ ፈተና በስፋት ይህን የሚስተካከል አገሪቱ አላየችም።

ድባጤ ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል አውራጃ ሥር ነበረች። ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ያለች ወረዳ ናት። ከዓባይ በስተሰሜን፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አማራ፣ ኦሮሞና አገው ተጎራብተው የሚኖሩባት፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልባት አገር ናት። ዘመቻው ከከተሞች ተነሥቶ በየዙሩ ወደ ገጠሩ ጫፍ ሲሰፋ ማስተማሪያ መጻሕፍቱ በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጅተው ነበር። ከ15ቱ ውስጥ ጉሙዝኛ የለም። ሺናሽኛም የለም። እንግዲህ አንድ የድባጤ ጉሙዝ ገበሬ ፈተና ሲቀመጥ የሚፈተነው ፊደል መለየቱን ብቻ አይደለም፤ ቋንቋውንም ጭምር ነው። ውጤቱ ሲጻፍ ግን ሁለቱ ተለይተው አልተጻፉም። ቢወድቅ "መሃይም" ነው፤ አለቀ።

ይህ ጉዳይ የደርግ ብቻ ቢሆን ኖሮ የታሪክ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት ነበረ፤ ከዚያ በኋላም መልኩን እየለዋወጠ ቀጥሏል።

ለጎልማሶች ትምህርት ምዘና የተባለ ነገር በኢትዮጵያ በወጉ የተጀመረው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የዓለም የትምህርት ሚኒስትሮች ቴህራን ላይ ተሰብስበው መሃይምነትን ስለማጥፋት መከሩ። ከዚያ ስብሰባ ዩኔስኮ በ11 አገሮች የሚሞክረው አንድ ትልቅ የሙከራ ፕሮግራም ተወለደ። ኢትዮጵያ ከ11ዱ አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 በጭላሎ፣ በወላይታና በጅማ አካባቢ ከሥራ ጋር የተያያዘ የጎልማሶች ትምህርት ተሰጠ። ሐሳቡ ቀና ነበር። ገበሬው "ሀ"ን ሲማር ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ቡናው፣ ስለ በቆሎው አብሮ ይማር፤ ፊደሉ ሥራውን ይርዳው፣ ሥራው ፊደሉን ያጽናለት የሚል ነው። ፕሮግራሙ ሙከራ ስለነበረ ውጤቱን መለካት ግዴታው ሆነ። ተማሪው ሲገባ ምን ያውቅ ነበር? ሲወጣስ? እርሻው ላይ ምን ተለወጠ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንድ ላይ መጠየቅ ያኔ አዲስ ነገር ነበር።

ውጤቱ ግን ለአዘጋጆቹ መራራ ሆነባቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ግምገማ በ11ዱ አገሮች ፕሮግራሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቢደርስም አንባቢ ሆኖ የወጣው 120 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ያንን ያህል ገንዘብ ፈስሶበት የራስን ውድቀት በይፋ ማተም ድፍረት ይጠይቃል፤ ዛሬም ቢሆን ብዙ ተቋማት አያደርጉትም። ከኢትዮጵያ ጣቢያዎች አንዱ የነበረው ወላይታ ነው። የወላይታው ገበሬ የተማረውም የተፈተነውም በአማርኛ ነበር፤ የንጉሡ መንግሥት ከአማርኛ ሌላ የጎልማሶች መማሪያ ቋንቋ አልፈቀደምና። የማዳበሪያ አጠቃቀሙን በወላይትኛ አሳምሮ የሚያስረዳ ሰው በወረቀቱ ላይ ምን ያህል እንደሚያገኝ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ከ60 ሺህ በላይ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። "የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር" የሚለው መፈክር ያልደረሰበት ቀበሌ አልነበረም። ትምህርቱ በመጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተሰጠ፤ በኋላ ሲዳምኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ስልጥኛ፣ ከፍኛ፣ አፋርኛ፣ ትግረ፣ ኩናማና ሳሆ ተጨመሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን በአደባባይ መታተም የማይታሰብ የነበረ ቋንቋ በአንድ ጊዜ መማሪያ መጽሐፍ፣ የፈተና ወረቀትና የምስክር ወረቀት አገኘ። 15ቱ ቋንቋዎች ከሕዝቡ 93 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ ተባለ። ለጀማሪዎች ከ22 ሚሊዮን በላይ፣ ለቀጣዩ ደረጃ ከ9 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ተሠራጩ። በመንግሥት አኃዝ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው በአስተማሪነትና በአስተባባሪነት ተሰልፏል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ኢትዮጵያን ሸለመ። ሽልማቱ ይገባታል አይገባትም ብሎ ዛሬ መከራከር ይቻላል፤ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ግማሽ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን ግን የዘመቻው ጠላትም አይክደውም።

የቀረው 7 በመቶ እነማን ናቸው? መልሱን ለማግኘት የአገሪቱን ዳር ዳር መሄድ ነው። ጉሙዝ፣ በርታ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ፤ ማለትም ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት ነባር ብሔረሰቦች ብሎ የሚጠራቸው አምስቱም። ወደ ደቡብና ወደ ጋምቤላ ብንወርድ ዝርዝሩ ይረዝማል። 93 በመቶ ጥሩ ቁጥር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ለሪፖርት ያምራል። መተከል ላይ ግን ያ ቁጥር ተገልብጦ ነው የሚነበበው።

የመተከልን ነገር ይበልጥ የሚያወሳስበው ሰፈራው ነው። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሀዲያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች 80 ሺህ ገደማ ሰው አምጥቶ ከድባጤ በስተሰሜን ባለው የበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ላይ አሰፈረ። ጉሙዞች ከሚያርሱትና ከሚያድኑበት መሬት ተገፉ። ስለ ሰፈራው ብዙ ተጽፏል። ከትምህርቱ አንጻር ሲታይ ግን አንድ የማይወራ ነገር አለ፦ ከሩቅ የመጣው የከምባታና የሀዲያ ሰፋሪ ቋንቋው ከ15ቱ ውስጥ ሲሆን የመሬቱ ነባር የሆነው ጉሙዝ ቋንቋ ግን የለበትም። ሰፋሪው ያን መጽሐፍ ፓዌ ላይ አገኘው አላገኘው ሌላ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ ላይ መኖርና አለመኖር ግን መንግሥት ማንን ተማሪ አድርጎ እንዳሰበ ያሳያል።

ወደ ፈተናው እንመለስ። በ12ኛው ዙር ማብቂያ ላይ 17 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ 12 ሚሊዮኑ ፈተናውን አልፏል ተባለ። ከአሥሩ ሰባት መሆኑ ነው። መንግሥት ከአብዮቱ በፊት ከ10 በመቶ በታች የነበረው የአንባቢ ቁጥር በ1976 ዓ.ም. 63 በመቶ ደረሰ አለ። ሌሎች ምንጮች ደግሞ 37 በመቶ አሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የስሌት ስሕተት ሊባል አይችልም፤ ያን ያህል ሰፊ ነው።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜው ከ15 በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 27 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሚሊዮን የት ገባ?

ቀላሉ መልስ "ደርግ ዋሸ" ነው፤ ብዙ ሰውም በዚህ ተደስቶ ያልፋል። የቁጥር ማጋነን አልነበረም ማለት አይቻልም። አንድ አስተማሪ በየዙሩ ስንት ሰው እንዳሳለፈ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርቱ በቀበሌ ወይም በገበሬ ማኅበር፣ ከዚያ በወረዳ፣ ከዚያ በአውራጃ እየተደመረ ወደ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሚመሰገነው ባሳለፈው ቁጥር ነው። የሚያስተምረው፣ የሚፈትነው፣ የሚያርመውና የሚሸለመው ያው ዘመቻው ነው። ከክፍል የሚቀር ገበሬ በማኅበሩ በሚገሠጽበትና በሚቀጣበት ዘመን አስተማሪው ጎረቤቱን መጣል አይወድም፤ ገበሬውም በሚቀጥለው ዙር መመለስ አይፈልግም። ሁለቱም ማለፉን ይሻሉ። ፈተናው ለእነሱ ከተማሪው ዕውቀት ይልቅ የግዴታው ማብቂያ ነበር።

ነገር ግን ውሸት ብቻውን 12 ሚሊዮንን አይሸፍንም። በእርግጥ ያለፉ፣ በእርግጥ ያነበቡ ሚሊዮኖች ነበሩ። የተወሰኑት ረሱት፤ የሚነበብ ነገር ከሌለ ፊደል ይጠፋል፤ ጋዜጣ በማይደርስበት፣ መጽሐፍ በማይሸጥበት ቆላ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። የተወሰኑት ሞቱ፤ ጦርነቱና ረኃቡ የበሉት ትውልድ ነው። ካርታውም ተለውጧል፤ ኤርትራ በኋለኛው ቆጠራ የለችም። የተቀሩት ላይ የደረሰው ግን ከሁሉም ይገርማል፤ ሲነገርም ብዙ አይሰማም።

15ቱም ቋንቋዎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦሮምኛውም፣ ወላይትኛውም፣ ሲዳምኛውም፣ ሶማልኛውም ሳይቀር። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በይፋ ወደ ቁቤ ተሸጋገረ። ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛና አፋርኛም ተከተሉ። ውሳኔው የራሱ በቂ ምክንያት አለው፤ ተናባቢን ማጥበቅ፣ አናባቢን ማስረዘም በላቲኑ ይበልጥ እንደሚቀል የቋንቋ ባለሙያዎች ሲከራከሩበት የኖሩ ጉዳይ ነው። የጎልማሳው ዕጣ ግን በክርክሩ ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኘም። በ1970ዎቹ በገዛ ቋንቋዋ ተፈትና ያለፈች አንዲት የወለጋ ወይም የአርሲ ገበሬ አንድ ፊደል ሳትረሳ፣ አንድ ቃል ሳይጠፋባት በአንድ ጊዜ በገዛ ቋንቋዋ ማንበብ የማትችል ሆነች። የምስክር ወረቀቷ ሣጥን ውስጥ አለ። የልጇ ደብተር ላይ የተጻፈው ግን ለእሷ እንግሊዝኛ ነው የሚመስለው። ቆጠራው መጥቶ "ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?" ቢላት ምን ትበል?

እዚህ ላይ የቆጠራውን ጥያቄ ራሱን ማየት ያስፈልጋል። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች ማንንም አልፈተኑም። ጠያቂው ደጅ ላይ ቆሞ አባወራውን ወይም እማወራዋን ስለ ቤተሰቡ አባላት አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ "ይችላል" ካሉ ይችላል፣ "አይችልም" ካሉ አይችልም። ባል ስለ ሚስቱ ይመልሳል። ሚስት በቤተ ክርስቲያን ወይም በዘመቻው ያገኘቻትን ፊደል ባል ላይቆጥራት ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። በ1999ኙ ቆጠራ የአንባቢው ድርሻ 39 በመቶ፣ ወንዶቹ 49፣ ሴቶቹ 29 ገደማ ሆነው ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ታቅዶ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለ ድባጤም ሆነ ስለ ሌላ ወረዳ ዛሬ የሚጠቀሰው የቆጠራ ቁጥር ሁሉ ሥሩ የአባወራ ቃል ነው።

ከአባወራ ቃል የተሻለው መንገድ ካርድ ነው። በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለተኛ ደረጃ ያልደረሰውን ሰው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈባት ካርድ ሰጥቶ "እስቲ ያንብቡልኝ" ይለዋል። ሙሉውን ካነበበ፣ ከፊሉን ካነበበ፣ ምንም ካላነበበ እየተለየ ይጻፋል። ቀላል ነው፤ ሐቀኛም ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ 69 በመቶ አንባቢ ሆነው ተገኙ። በዚህ ጥናት ቅጽ ላይ አንድ አስገራሚ ሣጥን አለ፦ "በሚፈለገው ቋንቋ ካርድ የለም" የሚል። የ2008ቱ መጠይቅ የተተረጎመው ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ነው። ቢያንስ ግን ይህ ጥናት ችግሩን ስም ሰጥቶታል። ካርዱ ያልተገኘለትን ሰው መሃይም ብሎ አልጻፈውም፤ ካርድ አልነበረንም ብሎ ለብቻው አስቀመጠው። ከደርግ ፈተና አንድ እርምጃ የሄደው እዚህ ላይ ነው።

ልጆቹ ጋ ሲደረስ ምን ተደረገ? እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ በአንድ ወጥ መሣሪያ ተለካ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ውጤቱ አገሩን አስደነገጠ፤ የንባብ ፕሮግራሞች ጎረፉ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከስምንቱ ክልሎች አንዱ ነበር። የመሣሪያው ቋንቋዎች ስድስት ነበሩ፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛና ሐረሪኛ። የጉሙዝ ልጅ በአማርኛ ተለካ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ እርዳታ የመጣው ትልቁ የንባብ ፕሮጀክት ሰባት ቋንቋዎችን መርጦ ሠራ፤ ሰባቱም ውስጥ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቋንቋዎች አንድም የለም። 15፣ 3፣ 6፣ 7። አራት ዝርዝሮች በአርባ ዓመት ውስጥ፣ በሁለት መንግሥትና በተለያዩ ለጋሾች ተዘጋጅተው ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይስማማሉ።

ማንም በክፋት አላደረገውም ይሆናል። ምክንያቱ ወጪ ነው፤ ወጪውም እውነተኛ ነው። ፈተናን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው መተርጎም መጽሐፍ እንደመተርጎም አይደለም። በአማርኛ ሁለት ቃል የሆነው በጉሙዝኛ አምስት ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ተማሪ 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት ቅርጽ፣ በጠቅላላው 231 ምልክቶችን መለየት አለበት፤ በላቲን የሚማረው የሚለየው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ "በደቂቃ ስንት ፊደል አነበበ" ብሎ ሁለቱን ማወዳደር ኪሎን በሜትር መለካት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ በየቋንቋው ለብቻው ተሞክሮ፣ የከበደው ወጥቶ፣ የቀለለው ተተክቶ ነው ክብደቱ የሚስተካከለው። ለዚህ ቋንቋውንም ምዘናውንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በጉሙዝኛና በሺናሽኛ እንዲህ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ወጥ ፈተና ማለት ግን ሁሉም ሰው አንድ ወረቀት ይፈተናል ማለት ሆኖ አያውቅም። ሁሉም ሰው አንድ ክብደት ይነሣል ማለት ነው። በአገሪቱ የምዘና ታሪክ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያልተለየው አንዱ ስሕተት ይኸው ይመስላል።

ወጪ ነው የሚለውን ምክንያት ደግሞ ራሱ መተከል ያዳክመዋል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በላቲን ፊደል መጻሕፍት ተዘጋጅቶላቸው በትምህርት ቤቶች መሰጠት ጀምረዋል። ቋንቋዎቹ ይጻፋሉ፣ መምህር አላቸው፣ ልጆች ያነብቧቸዋል። ስለዚህ ዛሬ በድባጤ ባንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ዓይነት አንባቢ ማግኘት ይቻላል፦ በዘመቻው ጊዜ አማርኛ የቆጠረ አባትና በላቲን ጉሙዝኛ የምታነብ ልጅ። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ቀበሌ የሚመጣው ደብዳቤ የአባትየውን ፊደል ይሻል፤ አባትየው ደግሞ ፊደሉን ከቆጠረ አርባ ዓመት ሆኖታል።

ለአዋቂዎቹ የመጣው የመጨረሻው ትልቅ ሙከራ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ነው። ስሙ ረጅም ቢሆንም ሐሳቡ የወላይታውና የጭላሎው ነው፤ ፊደልን ከእርሻ፣ ከጤና፣ ከገቢ ጋር አቀናጅቶ በሁለት ዓመት ማስተማር። አመቻች የሚባሉት አስተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ የአካባቢው ወጣቶች፣ ወይም ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው የጤናና የግብርና ሠራተኞች ናቸው። የእርሻ ሥራ ሲደርስ ክፍሉ ይበተናል። ከአሮጌው የዩኔስኮ ሙከራ ሐሳቡ ሲወረስ አንድ ነገር ቀርቷል፦ ልኬቱ። የየዓመቱ ሪፖርት የሚያጎላው ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ አጠናቀቀ የሚለውን ነው። ሰውየው ሲገባ ምን ያነብ ነበር፣ ሲወጣስ ምን ያነባል የሚለው የሪፖርቱ ማዕከል አልሆነም።

በሌላው ጽንፍ ያለውን ለማየት ወደ ባሕር ማዶ መሻገር ይበቃል። አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የእንግሊዝኛ ክፍል ሲመዘገብ መጀመሪያ ይፈተናል፤ የተወሰነ ሰዓት ከተማረ በኋላ በዚያው መሣሪያ በሌላ ቅጽ እንደገና ይፈተናል። ካሳስ፣ ቴብ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የሚመዘነው በሁለቱ ፈተናዎች መካከል ተማሪው ስንት ደረጃ ወጣ በሚለው ነው፤ ከአንዲት ደረጃ ወደ ቀጣይዋ ማለፍም ይቆጠራል። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ገንዘቡ በውጤት ላይ ሲንጠለጠል መምህሩ ወደ ፈተናው ያዘነብላል፤ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ለሁለተኛው ፈተና ሳትመጣ ከቀረች የተማረችው ሁሉ በሪፖርቱ ላይ እንደሌለ ነው። ቢሆንም መነሻው ይለካል። የደርግ ፈተና መነሻውን ለክቶ ቢሆን ኖሮ ከ12 ሚሊዮኑ ውስጥ ስንቱ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርዓን ቤት ቀድሞ ፊደል ቆጥሮ እንደነበረ፣ ስንቱን ደግሞ ዘመቻው ራሱ እንዳስተማረ ዛሬ በታወቀ ነበር።

ድባጤ ላይ ይህ ሁሉ ከወረቀት ያለፈ ነገር ነው። በ2012 እና 2013 ዓ.ም. መተከል በደም ታጠበች። ጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በድባጤ ወረዳ ዳሌቲ በተባለ ስፍራ ከ80 በላይ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ከዞኑ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ብዙው ወደ ቻግኒ ሸሸ፤ ጉሙዙም ወደ ጫካ ገባ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የጎልማሶች ክፍል የሚባለው ነገር በዚያ ጊዜ የማንም ሐሳብ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም።

ሰው ሲመለስ ግን ወረቀት ይፈለጋል። የተመለሰ ገበሬ ማሳው ላይ ሌላ ሰው ቢያገኝ የሚጠየቀው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ነው። ደብተሩ ላይ የባለይዞታው ስም፣ የትዳር ጓደኛ ስም፣ የማሳው ስፋት በሄክታር፣ በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ይጻፋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ማለት ስለ ዕለት ኑሮው የተጻፈ አጭርና ቀላል ነገር ተረድቶ የሚያነብና የሚጽፍ ነው ብሎ ነበር። ለድባጤ ገበሬ ከዚህ ደብተር የበለጠ የዕለት ኑሮ ጽሑፍ ከየት ይመጣል? ለፈተናም ከዚህ የተሻለ ወረቀት ማዘጋጀት ያስቸግራል። የራስህን ስም አሳይ፤ የሚስትህ ስም ተጽፏል? በምሥራቅ የሚያዋስንህ ማን ነው ይላል? ስፋቱ ስንት ነው፣ ካለፈው ዓመት ጋር እኩል ነው? ጥያቄው በጉሙዝኛ፣ በሺናሽኛ ወይም በአገውኛ በቃል ሊጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በዚያው ቋንቋ። የሚነበበው ደብተር አማርኛ ቢሆንም የሰውየው ቋንቋና የሰውየው ንባብ ያኔ ተለያይተው ይታያሉ።

ስሌቱም እንደዚያው ነው። ሰሊጥ ለነጋዴ የሚሸጥ የድባጤ ገበሬ በኩንታል፣ በኪሎና በብር የሚያሰላውን ሁሉ በቃሉ ያሰላል፤ ሚዛኑ ሲያጭበረብር ያውቃል። በወረቀት ላይ "24 ሲባዛ በ15" ተብሎ ቢቀርብለት ግን ባዶ ሊያወጣ ይችላል። የትኛው ነው ችሎታው?

የይዞታ ደብተሩን ብዙ ገበሬዎች በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። በሽሽቱ ጊዜ ከልጅና ከእህል ቀጥሎ ይዘውት የወጡ አሉ፤ ጎጆው ሲቃጠል አብሮ የተቃጠለባቸውም አሉ። የተቃጠለበት ሰው ምትክ ለማውጣት ቀበሌ ሄዶ የአዋሳኞቹን ስም ያስመዘግባል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ገበሬው አውራ ጣቱን ቀለም ላይ ጫን አድርጎ ያትማል። ጸሐፊው የጻፈው እሱ የተናገረውን ስም ይሁን ሌላ፣ ከዚያ ሠፈር ማንበብ የሚችል ሰው ፈልጎ ያስነብባል።